የጥሪ ቡድናችን እና በልጄ ፈንታ የሄደው ልጅ

ነቀምቴ የራግቢ ቡድን አላት ስል ሰው ይስቃል። አላት። ቋሚ ተጫዋች ግን የለውም። ጨዋታ ሲገኝ ሰው ይጠራል፣ የተጠራው ሄዶ ይጫወታል፣ ማሊያውን ይመልሳል፣ በቃ። እንደገና እስኪጠራ ድረስ ማንም የቡድኑ ልጅ ነኝ አይልም። የጥሪ ቡድን የሚባለው ለዚህ ነው። ያቋቋመው የስፖርት መምህር ዘንድሮ ታሪኩን በደብተር እየሰበሰበ ነውና የሚያስታውስ ሁሉ ይጻፍ አለ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስጽፍ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተትብኛል። ይሁን እንጂ ማሊያዎቹን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደግሞ እኔ ካልጻፍኩት ማንም የማይጽፈው ነገር አለ።

መምህሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ነው። ጨዋታውን የተማረው አዲስ አበባ ሲማር ከውጭ ሰዎች ጋር ነው። እኔ የልብስ ስፌት መኪናዬን የምዘረጋው አንድ የጉራጌ ነጋዴ በረንዳ ላይ ነው፤ እዚያ ኳሱን ይዞ መጣ። ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነገር ነው።

«ይሄን ኳስ ሰው ተቀምጦበት ነው?» አልኩት።

«የለም እትዬ፣ ሲወለድም እንዲሁ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የተጫወቱት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ዳር፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹ ስምንት ስምንት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ አናታቸውን አግጥመው ሲገፋፉ በመንገድ የሚያልፉ ሽማግሌዎች ያያሉ። ጠብ መሰላቸው። እርጥብ ሳር ነጭተው በእጃቸው ይዘው እየተጣደፉ ወደ መሃል ገቡ። ሳር ይዞ ለእርቅ የመጣን ሽማግሌ እዚህ አገር ማንም አይገፋም፤ ሃያ ምናምን ልጅ እንደ ቆመ ቀረ። መምህሩ ጨዋታ ነው እያለ ሲያስረዳ ቆየ። አንደኛው ሽማግሌ አንገቱን ይዞ የሚያቃስተውን ልጅ አይተው፣ በጨዋታ እንዲህ ከሆነ ሲጣሉማ አያድርስ አሉ አሉ። ቀጥለው ግን ቁም ነገር ጠየቁት፦ የእነዚህ ልጆች ቤተሰብ ያውቃል ወይ?

የቡድኑ ወግ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ብቻውን አይጠራም። ለሠርግ እንደሚጠራው ሦስት ሰው ወደ ቤት ይሄዳል፣ ተቀምጦ ስለ ጤና ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ከዚያ ልጃችሁን ለእሁድ ስጡን ይላል። አባት ወይም እናት ይሁን ካላለ ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላውም አይሄድም። በወለጋ ሰው ቋሚ ቡድን ማቆም የማይቻል ነገር ነው፤ ቡና ሲደርስ ግማሹ ወደ ጊምቢ፣ በቆሎ ሲደርስ ግማሹ ወደ ጉቶ ጊዳ ይበተናል፣ ተማሪውም ፈተና ሲያልቅ ወደ አገሩ ይገባል። ስለዚህ የተገኘው ይጠራል። አንድ ጊዜ ነርስ፣ ዲያቆን፣ የነጋዴው ወንድም፣ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች በአንድ ማሊያ ገብተዋል። አንዱ በረመዳን፣ አንዱ በሁዳዴ ጾመው ውኃ እየተመኙ ተጫውተዋል። ያን ለት ተሸንፈው ሲመጡ የሁለቱ ሃይማኖት ጾም ተባብሮ አሸነፈን ብለው ይስቁ ነበር።

የሰፋሁት የመጀመሪያው ማሊያ በአንድ ጨዋታ ተተለተለ። ኋላ ነጋዴው ጠንከር ያለ አቡጀዴ ሰጠኝ፣ ትከሻውን ደርቤ በስፌት ሁለቴ መታሁት። ያኛው አልተቀደደም። ግን እጅጌው ላይ ደም ደርቆ ሲመለስ እያጠብኩ ልጄን አስብ ነበር።

ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። እንጨት ሥራ ቤት ይሠራል። አባቱ ጫኝ ነበር፤ በቆሎ ከተጫነ መኪና ላይ ወድቆ ነው የሞተው፣ አንገቱ ተሰብሮ። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን አልጠራውም። ልጄ ግን በራሱ ልምምድ መሄድ ጀመረ። እዚያ ከሁሉ በፊት የሚያስተምሩት መውደቅ ነው። አንድ ወር ሙሉ ኳስ አያስነኩም፤ አገጭህን ወደ ደረትህ፣ ክንድህን አትዘርጋ፣ ተንከባለል እያሉ ሣር ላይ ያንደባልሏቸዋል። ልጄ ጓሮ ውስጥ ሲወድቅ ሲነሳ አየው ነበር፣ ፊቴን አዞራለሁ።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ሦስቱ ጠሪዎች ቤቴ መጡ። እሁድ አኖ ከተማ ላይ ከባኮ ልጆች ጋር ጨዋታ አለ፣ ልጅሽን ስጪን አሉኝ። ልጄ በሩ ጋ ቆሞ ያየኛል። እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ እምቢ ማለት ከየት ይምጣ፤ እሺ አልኩ። እሺ ያለው አፌ ነው። ሆዴ ሌላ ነበር።

አርብን አልበላሁም። ያኔ ነው ደቦ ትዝ ያለኝ። በደቦ የሚጠራው ቤት ነው፤ ከቤትህ ሰው ካልተመቸው ሌላ ሰው ትልካለህ፣ አጨዳው ቦታ ላይ እጅ እንጂ ፊት አይጠየቅም። እናቴም ከወሎ መጥታ እዚህ ሰፍራ የኖረችው እንዲሁ እየላከችና እየተላከላት ነው። ይሄም ጥሪ ነው፣ ያም ጥሪ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ለልጄ ሻምቡ ያለው አጎትህ ታሟል፣ ደርሰህ ና አልኩት። የእሁዱን ማሊያ አጥፎ አስቀመጠው። አጎቱን ይወዳል፤ ሄደ። አጎቱ ምንም አልሆነም ነበር።

እሁድ ማለዳ ማሊያውን ይዤ የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ሲሚንቶ ይጭናል፣ ደረቱ እንደ በር ነው፣ ከልጄ ጋር አብሮ ያደገና ከሌማቴ የበላ ልጅ ነው። በልጄ ፈንታ ሂድልኝ ስለው ደስታው ሌላ ነው፣ ማሊያውን እዚያው ከሸሚዙ በላይ ለበሰው። እናቱ በቆሎዋን ልትሰበስብ ጉቶ ጊዳ ወርዳለች። ስልኳ አለኝ። አልደወልኩም።

ወደ አኖ የሚሄደው መኪና ጋ መምህሩ ሲያየው ግራ ገባው። አስራ አምስት ሰው ያስፈልጋል፣ አስራ አራት ናቸው። ወድቀህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ልጁ በየቀኑ ከአይሱዙ ላይ እዘል የለም ወይ ብሎ አሳቀው። ሾፌሩ መንገዱ ሰላም ሳለ ቶሎ እንሂድ እያለ ጡሩምባ ይነፋል። ይዞት ሄደ። መምህሩ ይህ ጥፋት የኔም ነው ይላል፣ እኔ ግን ከራሴ ላይ አላወርደውም።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ጥለውት በተዘረጋ ክንዱ ላይ ወድቋል፤ ከአንገቱ ሥር ያለችው ቀጭን አጥንት ተሰብራለች። ሆስፒታል እያመጡት ነው።

እዚህ ላይ ነው እውነቱን መጻፍ ያለብኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ልጄ አይደለም አልኩ። ተመስገን እንኳ ሳልል አልቀረሁም። ከዚያ ነው እናቱ ትዝ ያለችኝ።

ጎረቤቴ በማግስቱ ደረሰች። ልጇ ክንዱ ከደረቱ ጋር ታስሮ ተቀምጦ ነበር፣ ሐኪም ለሦስት ወር ሸክም ከልክሎታል። እኔ ሄጄ ነገርኳት፤ ልጄ እንደተጠራ፣ እንደፈራሁ፣ ልጇን እንደላክሁ። የምንነጋገረው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነው፤ ያን ቀን ግን አማርኛ አላወጣችም። ሌላ ጊዜ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ ትለኛለች፤ እሷንም አላለችኝም። በቆሎዋን ስትለቅም ቆየችና፣ ቀና ብላ፦

«ብትጠይቂኝ እልከው ነበር» አለችኝ። «ላንቺ ልጅ ሦስት ሰው መጣ። ለኔ ልጅ ማን መጣ?»

ተነሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። 

ልጄ ከሻምቡ ሲመለስ አጎቱ በሳቅ ሸኝቶት ነው የመጣው፤ ውሸቴን ያውቃል። የጓደኛውን ወሬ መናኸሪያ ላይ ሰምቷል። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መሬት እያየ፦

«እማ፣ እኔ እኮ መውደቅ ተምሬ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቃል በኋላ እንጨት ሥራ ቤቱን አስፈቅዶ ጉቶ ጊዳ ወረደ። የጎረቤቴን በቆሎ በልጇ ቦታ ሰበሰበ፣ ተሸክሞ አስገባ። እሷም እንደ ልጇ አበላችው፤ ከሱ ጋር ጠብ የላትም። በኔ በር ስታልፍ ግን አካም ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ መልስ ሳትጠብቅ ታልፋለች። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

የልጁ አጥንት ገጠመ። ጊዜው ሄደ፣ እንደገና አኖ ላይ ጨዋታ ተያዘ። ሦስቱ ጠሪዎች በመጀመሪያ የገቡት ጎረቤቴ ቤት ነው። ልጇ ድኗል፣ ልምምድም ይመላለሳል፣ በዚህኛው ጊዜ በወጉ እንጠይቅሽ አሏት። አጥሩ ስስ ስለሆነ ይሰማኛል። አመሰገነቻቸውና ዘንድሮ አይሆንም፣ ልቤ አልተመለሰም አለች። ደህና ብለው ተነሡ። ይኸው ነው፤ እምቢ ለማለት ይህን ያህል ይበቃል። እኔ ያኔ ይህችን አንዲት ቃል አጥቼ ነው ያን ሁሉ ያመጣሁት።

ከዚያ ወደኔ ተሻገሩ። እሷም ተከትላቸው መጣች። አልገባችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። መምህሩ ልጅሽን ለእሁድ ስጪን ብሎ አቀረቀረ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ የጣቱን ጥፍር ይቆረጥማል። የሷ ልጅ ባይሄድ የሚሄደው የማን ልጅ ነው? እምቢ ብል እኔም መብቴ ነበር፣ ማንም አይፈርድብኝም። ግን ልጄን አየሁት። ፈርቶ ነበር፣ ጨዋታውን አይደለም፣ አፌን።

«ይሂድ» አልኩ። «እኔም አብሬው እሄዳለሁ።»

ጎረቤቴ ዞር ብላ ሄደች።

አኖ ሜዳ ዳር ቆሜ ጨዋታውን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰፍቼ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ኳሱን ወደ ፊት መወርወር ክልክል መሆኑ ገረመኝ፤ ወደ ፊት የሚሮጥ ሁሉ ከኋላው ለሚመጣ ነው የሚያቀብለው። ልጄ ሲወድቅ ነጠላዬን ነከስኩ። ይወድቃል፣ ይነሳል። አጠገቤ የቆመች የአኖ ሴት የትኛው ነው ያንቺ ስትለኝ ማሊያቸው ጭቃ ለብሶ አንዱን ካንዱ መለየት አቅቶኝ ሁሉንም አሳየኋት። ተሸነፍን፣ ስንት ለስንት እንደሆነ መምህሩ ይጻፈው። ልጄ ከንፈሩ አብጦ ወጣ፣ ሳንቡሳ ገዝቼ ሰጠሁት፣ በአንድ ጎኑ እያላመጠ በላ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሳለን ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት። ልጁ ደህና ነው ወይ አለች። ደህና ነው አልኳት። ሌሎቹስ አለች፤ ሁሉም አልኳት። ቀጥላም፦

«ነገ በቆሎ እንፈለፍላለን፣ በደቦ ነው» አለችኝ። «ነይ። ሰው እንዳትልኪ፣ አንቺው ራስሽ ነይ።»

ሰኞ የስፌት መኪናዬን ሳልዘረጋ ሄድኩ። ቦታ ለቀቀችልኝ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።  እኩለ ቀን ላይ መዳፌ መላጡን አይታ ሳቀች፤ የመርፌ እጅ ብላ ተረበችኝና የኔን ክምር ግማሹን ወደሷ ሳበችው።