የቆሰበሯ ተቀባይ በካርቱም

ስደተኛ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ካፊያ እየወረደ፣ ከቆሰበር መናኸሪያ ነው። መንግሥት እንጅባራ ይበላት፤ እናቴ ቆሰበር ካለች ለእኔም ቆሰበር ናት። ራሷ ነች የሸኘችኝ። «ጎንደር ሠርግ አለ፤ ዘፍኜ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ» ብዬ ዋሽቻት ነበር። የተቀቀለ ድንች በፌስታል አስያዘችኝና ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። «ድምፅሽን ብርድ እንዳይመታው፣ የሻርዬ» አለችኝ። አውቶቡሱ የባሕር ዳርን መንገድ ሲይዝ ዞር ብዬ አላየኋትም፤ አፍሬ ነው።

እናቴ አልቃሽ ናት። ከቆሰበር እስከ አዘና ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች። በአገውኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሰዋለች፤ ጠላትም ቢሆን ሳያለቅስ አይመለስም። ድምፄን ከእሷ ነው የወሰድኩት። ከመሰደዴ በፊት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ስዘፍን፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ «ይህን አዘፋፈን የት ተማርሽው?» አለኝ። «ለቅሶ ቤት» ብለው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቀን ቀን ደግሞ ስቱዲዮ ተቀባይ ነበርኩ። ዘፋኙ ፊት ሆኖ ሲያቀነቅን ከኋላ «አሃ» የምትለዋ እኔ ነኝ። ስንት ሲዲ ላይ አለሁ መሰላችሁ! ሽፋኑ ላይ ስሜን ብትፈልጉ ግን አታገኙትም። እማዬ ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑን ስትሰማ «ከኋላ ያለችው ልጄ ናት» ትላለች አሉ። ሾፌሩም «እሺ እማማ» ይላታል፤ ማን ሊያምናት! አንድ ቀን ፊት ሆኜ፣ ብቻዬን ዘፍኜ እንድትሰማኝ ነበር ምኞቴ። ድንበር የሚያሻግር አንድ ደላላ «ካርቱም የሀበሻ ዘፋኝ ብርቅ ነው፤ በስድስት ወር የራስሽን ታወጪያለሽ» ሲለኝ አመንኩት። ጅል!

ከመተማ ወዲያ ሁለት ቀን በእግራችን ሄድን። እኛ እኮ ጫግኒ ስንወርድ «ኧረ ሙቀቱ!» እያልን ጋቢ የምንጥል ሰዎች ነን። እዚያ ውኃው ከላስቲክ ሲቀዳ የፈላ ሻይ ነው። አብራኝ የነበረችው የዳንግላ ልጅ ዘነቡ እግሯ ተልጦ ደግፌያት ነው የሄደችው። አንድ ጎልማሳ ከግራር ሥር ተቀመጠና አልነሳም ብሎ ቀረ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም ነበር። እናቴ እዚያ ብትሆን ሳታለቅስለት አታልፍም፤ እኛ ግን አለፍን።

ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ከዘነቡ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። የሱዳን ኪስራ እንጀራ ይመስላል፤ ዐይን ግን የለውም፣ ጎምዛዛነቱም ሌላ ነው። አከራያችንን ሐጂ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ቀን «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ዘፋኝ ነኝ ሐጂ።»

«መምኑዕ! በቤቴ ዘፈን ክልክል ነው።»

«ማንጎራጎርስ?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ትንሽ አንጎራጎርኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ይሄማ ከዘፈንም ይብሳል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ምግብ ቤት እየዘፈንኩ፣ ከሻ በመጣ ቁጥር በጓሮ እያመለጥኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ከሻ ማለት ወረቀት የሌለውን ሀበሻ ከመንገድ እያፈሱ መኪና ላይ የሚጭኑበት ነው። ዘነቡን አንድ ማለዳ ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች አፈሷት። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

ብቻዬን በቀረሁ ማግስት ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ደወለ። «እታለም፣ እማዬ አሟታል። ዐይንሽን ማየት ነው የምትፈልገው፤ ነይ» አለኝ። ያን ሰሞን አንድ የአገራችን ዘፋኝ አልበም ሊሠራ ተቀባይ አድርጎ ወስዶኝ ነበር፤ አቀናባሪውም አንዱን ዘፈን ለብቻዬ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። እኔ ምን አልኩ? «ሁለት ሳምንት ጠብቁኝ።» ያችን ዘፈን ይዤላት ልሄድ! እናቴ አልጋ ላይ ሆና ስትጠራኝ እኔ ማይክራፎን ፊት ቆሜ «አሃ» እል ነበር። ሁለቱ ሳምንት ወር ተኩል ሆነ። በመጨረሻ ዘፈኑን ለሌላ ዘፋኝ ሰጡት። አቀናባሪው «አትቀየሚኝ፤ ያንቺ ድምፅ የሚያምረው ከኋላ ሲሆን ነው» አለኝ።

ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። በመጣሁበት በረሃ ልመለስ ብል ደላሎቹ ሰው እያገቱ ነው ተባለና ፈራሁ። በሕጋዊ መንገድ ልውጣ ብዬ የሱዳን ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ሹሙ «የመግቢያ ማኅተምሽ የት አለ?» አለኝ።

«በእግሬ ነው የገባሁት።»

«ማኅተም ከሌለሽ አልገባሽም።»

«ታዲያ እዚህ የቆምኩት እኔ ማን ነኝ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ላልገባ ሰው የመውጫ ወረቀት አልሰጥም።»

«እሺ፣ እሰሩኝና አባሩኝ!»

የግድግዳውን ሰዓት አየና «ዛሬ ከሻ የለም፤ ሌላ ቀን ነይ» አለኝ። እየሳቅሁ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ደጋግሜ ደወልኩ። «እማዬን አገናኘኝ» ስል ይበልጣል «ጠበል ናት» ይላል። ይህ ወንድሜ አፉን ከፈታ ጀምሮ መሐላው አንድ ነው። «ዝናብ መጣ» ለማለት እንኳ «እማዬ ትሙት!» ይላል፤ እሷም «አንተ ልጅ፣ በቀን ስንቴ ነው የምትገድለኝ?» እያለች ትስቅ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «እማዬ ትሙት፣ እየተሻላት ነው» ሲለኝ እፎይ እል ነበር። ባለፈው ጊዜ ግን እንዲህ ሆነ።

«አሁንም ጠበል ናት? ሦስት ሳምንት ሆናት እኮ!»

«ሱባኤ ይዛ ነው። ደህና ናት።»

«በል ማልልኝ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ!» አልኩ።

«ማርያምን» አለኝ። «ማርያምን፣ ደህና ናት እታለም።»

በእናቱ ሞት የሚምል እናቱ ያለችለት ሰው ነው። ከሄደች በኋላ ማን በእሷ ይምላል? ገባኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «እሺ፣ ስትመለስ ደውልልኝ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ዘጋው።

አልፈርድበትም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ መጥቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው። እዚህ የእኔን ደጅ የሚያውቅ የቆሰበር ሰው የለም። ሳይነግሩኝ ባለቅስ ሟርት ነው፤ ምናልባት በሕይወት ካለችስ? ዝም ብል ደግሞ የዚያች አልቃሽ ልጅ ሆኜ እናቴን ሳላለቅስላት ልቀር ነው። በየቀኑ ስቱዲዮ እሄዳለሁ፤ የሰው ዘፈን እቀበላለሁ፤ እመለሳለሁ።

ካርቱም ያላችሁ የቆሰበር ልጆች፣ የአዘናም፣ የዳንግላም ሁኑ፣ ይህን ያነበባችሁ እንደሆነ፦ ደይም፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጠዋት ኑ። አገውኛ የሚችል ካላችሁ እሱንም ይዛችሁ ኑ። የምትሉኝን አውቀዋለሁ፤ ብቻ ሰው ይንገረኝ።