የግራው መብራት

ዘቢደር ከወሎ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ስትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ድርቁ ያልጨረሰውን ሊጨርስ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገባ። በሣር ዳሱ ውስጥ የተኛ ሁሉ ሳይነሣ ቀረ፤ አባቷም፣ ታናሽ ወንድሟም። እሷንም ትኩሳቱ ጥሏት ነበር። ግን ከተኛሁ አልነሣም ብላ በልጅ አእምሮዋ ቆርጣ፣ የዳሱን ምሰሶ ይዛ ስትዞር፣ ስትወድቅ፣ ደግሞ ተነሥታ ስትዞር ከረመች። ዳነች። ከዚያ ወዲህ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ሠርግ ቤት እንኳ ምግቡ ሳይነሣ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። «ይቺ ሴት እሾህ ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው?» ይላሉ በሰፈረችበት በሁሩሙ ያሉ ጎረቤቶቿ።

ይኸው እረፍት ማጣቷ ማር ነጋዴ አደረጋት። ሌላው ነጋዴ ገበያ ላይ ቁጭ ብሎ ማሩን ሲጠብቅ፣ እሷ የኖፓን ገጠር በእግሯ እያቆራረጠች ከባለ ቀፎዎቹ ደጅ ትደርሳለች፤ በበቅሎ ጭና መቱ ታወርዳለች። ኦሮምኛውን በልጅነቷ ከእኩዮቿ ጋር ውኃ ስትቀዳ ለምዳዋለች። መጀመሪያ «ሰፋሪዋ» ይሏት የነበሩ ሰዎች ዓመታት ካለፉ በኋላ «ዘቢደር ኬኛ»፣ የእኛ ዘቢደር፣ ይሏት ጀመር።

አርባን ስትሻገር የቀኝ ጉልበቷ ከዳት። ዳገት መውጣት አቃታት። የግንቦት ማር ሊቆረጥ ሁለት ወር ሲቀረው፣ መቱ ውስጥ ኩማ የሚባል የሸቀጥ ነጋዴ ፒክአፑን እንደሚሸጥ ሰማች። የአጎቷን የልጅ ልጅ፣ መካኒኩን ሙከሚልን፣ ይዛ ሄደች።

ሙከሚል ሞተሩን አስነሥቶ የዘይቱን ክዳን ከፈተ፤ ጭስ የለም። ከሥር ተንፏቆ ገብቶ ሻንሲውንና ባሌስትራውን አየ። ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ ቆርቆሮ ድምፁ ይታፈናልና በሮቹን በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠ። ዘቢደር ግን መኪናዋን ትዞራለች፤ ጨርሳ ደግሞ ትዞራለች።

«አክስቴ፣ እባክሽ ቁሚ! መኪናዋ እንኳ ይህን ያህል አልሄደችም» አላት ሙከሚል። ኩማ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ከፊት ለፊት ቆማ ነበር። የቀኙ መብራት አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ የግራው እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል።

«ይህን ምን ነካው?»

«ድንጋይ» አለ ኩማ።

«መብራት ይሰበራል፣ ይቀየራል። ደግሞ ለመብራት!» አለ ሙከሚል።

ዘቢደር የታመመ ጉልበቷን እንደምንም አጥፋ ጎንበስ አለች። ከመብራቱ በላይ ያለው ቀለም ከሌላው ገላዋ ደመቅ ይላል። ቀና ብላ ኩማን አየችው።

«ኩማ፣ ደም አለባት?»

ይህ ጥያቄ ገጠር ለገጠር የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው ነው። ሰው በስሕተትም ይሙት፣ ገዳይ ሽማግሌ ልኮ ከሟች ወገን ጋር ጉማውን፣ የደም እርቁን፣ ካልፈጸመ ነገሩ ተዘጋ አይባልም።

ኩማ ቁልፉን በጣቱ ማሽከርከሩን ተወ። «ፍርድ ቤት ጨርሻለሁ፣ እትዬ ዘቢደር። ሊብሬዋም ንጹሕ ነው።»

«ስለ ሊብሬዋ መች ጠየቅሁህ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምና ነው፣ ኖፓ መዳረሻ። ከቡናው ውስጥ ድንገት ወጣብኝ። ጎንፋ ይባላል።»

ጎንፋን ታውቀዋለች። የዲሪቤ ልጅ ነው፤ ዲሪቤም ማር ከሚሰጧት ሴቶች አንዷ ናቸው። ለቅሶውም ላይ ነበረች። መኪና ገጨው ሲባል ሰማች እንጂ የማን መኪና ብላ አልጠየቀችም።

«ሽማግሌስ?»

«ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ። በዚያ መንገድ አልፌም አላውቅ።»

«አክስቴ፣ ብረት ምን ያውቃል?» አለ ሙከሚል። «ወላሂ እንዲህ ያለ ሞተር መቱ ላይ አታገኚም።»

«ብረቱማ አያውቅም። እናቱ ግን ያውቃሉ።»

ኩማ ከበደሌ የሚመጣ ሌላ ገዢ እንዳለው፣ እስከ ነገ ብቻ እንደሚጠብቃት ነገራት። ዘቢደር ምሳ ሳትበላ የኖፓ ሚኒባስ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ቀለሟን ባስቀይርስ? ሳልናገር ብቀርስ? እኔ አልነዳሁ፣ እኔ አልገደልኩ! መልሳ ደግሞ «ኬኛ» ያሉኝ ሰዎች ደጅ በዚያች መኪና እንዴት እደርሳለሁ ትላለች። ረዳቱ ሁለት ጊዜ «እናቴ፣ ተደላድለሽ ተቀመጪ» አላት።

ዲሪቤ ደጃቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። «ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አሏት።

«ቆሜ ልንገርዎት፣ አዴ፣ እናቴ» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

አሮጊቷ የያዙትን በቆሎ ፈልፍለው ጨረሱ።

«የተቀየረው የትኛው መብራት ነው?»

«የግራው።»

«የግራው» አሉ ደግመው። ባዶውን ቆረቆንዳ አስቀመጡ። «ግዢያት፣ ልጄ። አንቺ ምን አደረግሽ? ስታነክሺ አያለሁ እኮ።»

ዘቢደር ተንፈስ ልትል ስትል ዲሪቤ ቀጠሉ። «ብቻ ስትመጪ ከወንዙ ማዶ አቁሚያት። ማሩን ልጆች ተሸክመው ያሻግሩልሻል። ድምጿን እንዳልሰማ።»

ዘቢደር እየቆመች እየተራመደች ደጁን ዞረች። አሰበች፤ ዛሬ መኪናዋ ከወንዙ ማዶ ትቆማለች፤ ነገ እሷ ራሷ ከዚያው ማዶ ትቀራለች።

«ኩማ ሽማግሌ ቢልክስ?»

«ቢልክማ ደጄ ክፍት ነው። እኔ አላሳደድኩት። መንገዱን ያውቀዋል።»

በማግሥቱ መቱ ስትደርስ የበደሌው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያያል። ኩማን ወደ ጥግ ወሰደችው። «ሽማግሌ ላክ። እርቁ ባለቀ ማግሥት መኪናዋን እገዛታለሁ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ኩማ መሬት መሬቱን አየ። «እትዬ፣ እርስዎ ደፋር ነዎት። እኔ የዚያችን ሴት ዓይን ማየት አልችልም» አለና ሄዶ ቁልፉን ለበደሌው ሰው ሰጠ። ፒክአፗ ከግቢው ወጥታ ወደ በደሌ አቀናች። ሙከሚል እስከ ግንቦት አክስቱን አላናገራትም።

ኩማም ዲሪቤ ደጅ እስካሁን አልደረሰም ይባላል። ዘቢደር ሌላ መኪና አላገኘችም። ዋጋው እሷን ጥሎ ሄደ፤ እሷም ከበቅሎዋ ጋር እያነከሰች ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በቅርቡ ሙከሚል የማሩን ጄሪካን ሲያወርድላት «አሁንስ አልቆጨሽም፣ አክስቴ?» አላት።

«ይቆጨኛል እንጂ! ዳገት በወጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ይሰድበኛል። ግን ስማኝ፣ ሙከሚል፤ ከሩቅ ሲያዩኝ፣ ገና ሳልጣራ፣ ሮጠው ውሻቸውን የሚያስሩልኝ ቤቶች አሉ። እኔ በዚህ አገር ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላፈራሁም።»