የትናንቱ ለትናንት

«ጀርባዋን ያቃናሁት ለእሷው ብዬ ነው» አለኝ አዲሱ የዮጋ አስተማሪ።

«ሳትጠይቃት ነው የነካሃት፤ ደንግጣለች።»

«ታዲያ ለእያንዳንዷ ሴት ማመልከቻ ላስገባ?»

የነካት ሴት ከባሏ ዱላ ሸሽታ ከደጋው መንደር ከኦቾሎ የወረደች ናት፤ ከኋላዋ እጅ ሲመጣባት ትንቀጠቀጣለች።

ባለፈው ወር የቀበርናት አክስቴ በዚሁ የሴቻ ሰፈር አዳራሽ ስታስተምር፣ ማንንም ከመንካቷ በፊት «ልንካሽ?» ትል ነበር። እኔን እንኳ ሳይቀር። «ትናንት ጠይቀሽኝ የለ እንዴ?» ስላት፣ «የትናንቱ ለትናንት ነው» ብላ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ዛሬ በቦታዋ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ስነግረው፣ «አክስትሽ ደግ ሴት ነበሩ፤ ዮጋ ግን በልመና አይሠራም» አለኝ።

ሴትዮዋ ምንጣፏን እየጠቀለለች ሁሉንም ሰምታለች። ጫማዋን አጥልቃ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። በሩ ተዘጋ።