ዳገቱ ላይ ያለው ኤክስ

እትዬ ስምሪትን የሚያናድዳት አንድ ነገር ቢኖር የጠመኔ ማለቅ ነው። የአውቶብስ መዘግየት ቢሉ፣ የሾፌሮች ጭቅጭቅ ቢሉ፣ የጋራዥ ሰዎች «አሁን ትወጣለች» እያሉ እስከ ማታ ማዋል ቢሉ፣ ሁሉንም ለምዳዋለች። ጠመኔ ካለቀ ግን ስምሪት አይወጣም፤ ስምሪት ካልወጣ ደግሞ ነገ ጠዋት ከተማው በእግሩ ይሄዳል። እሷ እንደዚያ ነው የምታምነው፣ እኛም አንከራከራትም።

ክፍሏ አውቶብሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ በር አጠገብ ናት። ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛው ከገባ በኋላ ወንበሩ የገባው በግድ ነው። አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ይዞታል። ኮምፒውተርም ተሰጥቷታል፤ አቧራ እንዳይነካው ብላ ያማረ ጨርቅ አልብሳዋለች፣ ከዚያ ወዲህ ጨርቁን ያነሳው የለም። ስሟን የሚጠራ ሰው በግቢው ውስጥ አይገኝም። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ዘበኛውም እትዬ ስምሪት ነው የሚላት፤ እሷም አቤት ትላለች።

ታዲያ ይህች ሴት አንድ ሱስ አለባት፤ የእሁዱ ጋዜጣ መጨረሻ ገጽ ላይ የሚወጣው እንቆቅልሽ። ታውቁት እንደሆነ እንጃ፤ ሦስት ጎረቤታሞች አሉ፣ አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዱ ድመት አለው፣ ድመት ያለው ሰው ከሐኪሙ በስተግራ ይኖራል፣ እንግዲህ ማን የቱ ቤት ይኖራል እያለ ጤነኛ ሰው የሚያሳብድ ነገር ነው። እሷን ግን ያስታግሳታል። ሣጥን ሣጥን ታሰምርና የማይሆነው ላይ ኤክስ፣ የሚሆነው ላይ ራይት እያደረገች ትሄዳለች። «መጀመሪያ የማይሆነውን ነው የምገድለው፤ የሚሆነውን ማን አስቸገረው፣ ብቻውን ሲቀር እጁን ይሰጣል» ትላለች፣ ሌባ የያዘች ይመስል።

ውሎ አድሮ ስምሪቱንም በዚያው መላ ማውጣት ጀመረች። ሾፌሮቹን ወደ ታች ትደረድራለች፣ አውቶብሶቹንና መስመሮቹን ወደ ጎን። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁባት። በኋላ ግን የሚጣሉት ሁለቱ አንድ መስመር ላይ መገናኘታቸው ሲቀር፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ወንበሩ የተሰበረ አውቶብስ መያዙ ሲቀር፣ ዝም አሉ። ምስጋና እንኳ ከእነሱ አይጠበቅም፤ ሾፌር ዝም ካለ ተመስገን ነው።

ይህን የምነግራችሁ ነገር የተጀመረው አንድ ከሰዓት በኋላ አባባ ፍሬን ኮፍያቸውን አውልቀው የገቡ ጊዜ ነው። አባባ ፍሬን የግቢው አንጋፋ ናቸው። ጠዋት ሞተር ካስነሱ በኋላ ፍሬኑን ደጋግመው ካልረገጡ ንቅንቅ ስለማይሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ነገ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር፤ ከነገ ወዲያ ጡረታ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«ይዘዙኝ እንጂ አባባ።»

«ካልሆነም አልቀየምሽም።» ኮፍያውን በእጃቸው አዞሩት። «ባለቤቴ እኔ በምነዳው አውቶብስ ተሳፍራ አታውቅም። እኔ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ስገባም መሽቷል፤ ዘንድሮ፣ ከርሞ ስንል አረጀን። ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እንደው ሳያልፍብኝ አንድ ዙር ከኋላህ ልቀመጥ› አለችኝ። እሷ ደግሞ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።»

እትዬ ስምሪት ከሰሌዳው ወደ እሳቸው ዞር አለች። «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለች።

«ችግሩማ እኔ የዳገቱ መስመር ሰው ነኝ። የምነዳው አውቶብስ አሮጊቷ ናት። የአሮጊቷን ደረጃ ደግሞ ባለቤቴ በዚያ ጉልበቷ አትወጣውም። ቤታችንም ገበያው መስመር ላይ ነው፣ ዳገቱ የት፣ እኛ የት።»

«ይሂዱ፣ ይረፉ። እኔ አለሁ» አለቻቸው። ሰውየው ሲወጡ ነው ምን እንደተናገረች የገባት።

የሌሎቹ መስመሮች ስምሪት ተለጥፏል፤ ሰዉ አይቶ ወደየቤቱ ሄዷል፣ እሱን መንካት አይታሰብም። ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሦስት ሾፌሮች፣ ሦስት አውቶብሶችና ሦስት መስመሮች ናቸው። ሾፌሮቹ አባባ ፍሬን፣ ሻምበልና የእትዬ ስምሪት ታናሽ ወንድም። ሻምበል ስትባል ወታደር እንዳይመስላችሁ፤ ተሳፋሪውን በአንድ ቃል አሰልፋ የምታስገባ ሴት ሾፌር ናት። አውቶብሶቹ አሮጊቷ፣ ሙሽሪትና ድንክዬ። መስመሮቹ ዳገቱ፣ ገበያውና ሆስፒታሉ። በዘልማድ አባባ ፍሬን አሮጊቷን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሻምበል በሙሽሪት ገበያ ትሄዳለች፣ ወንድምየው በድንክዬ ሆስፒታል።

እትዬ ስምሪት ጠመኔዋን አነሳች።

ድንክዬ ደረጃዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የአባባ ፍሬን ባለቤት፣ የእማማ፣ ጉልበት የሚችለው እሷን ብቻ ነው። ስለዚህ አባባ ፍሬንና ድንክዬ፣ ራይት። ድንክዬ ለሌሎቹ ሁለቱ፣ ኤክስ። ቤታቸው ገበያው መስመር ላይ ነው። አባባ ፍሬንና ገበያ፣ ራይት። ገበያ ለሌሎቹ፣ ኤክስ። እስከዚህ ልጅም ይሠራዋል።

ቀጥላ ሻምበልን ያዘች። ሻምበል በክረምቱ የግራ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፤ ሐኪሙ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አትርገጪ ብሏታል። የአሮጊቷ ፍሪሲዮን ደግሞ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚረግጠው ነው። ሻምበልና አሮጊቷ፣ ኤክስ። ድንክዬ ተይዛለች። እንግዲህ ለሻምበል የቀረችው ሙሽሪት ናት፤ ሙሽሪት አውቶማቲክ ናት፣ ፍሪሲዮን የላትም። ራይት። እሰይ አለች እትዬ ስምሪት፣ ወንበሩን ጠጋ አደረገች።

አሁን መስመር። የቀሩት ዳገቱና ሆስፒታሉ ናቸው። ሙሽሪት ረጅም ናት፤ ዳገቱ መሀል ያለውን ኩርባ በአንድ ጊዜ አትዞረውም፣ ወደ ኋላ ማለት አለባት፣ እዚያ ቦታ ደግሞ ወደ ኋላ ማለት የለም። ሙሽሪትና ዳገት፣ ኤክስ። ስለዚህ ሻምበል በሙሽሪት ሆስፒታል። ራይት።

የቀረው አንድ ሾፌር፣ አንድ አውቶብስና አንድ መስመር ነው። ወንድሟ፣ አሮጊቷ፣ ዳገቱ።

እጇ ሰሌዳው ላይ ቀረ። በወንድሟና በዳገቱ ሣጥን ውስጥ ኤክስ አለ። እሷ ራሷ ናት ያደረገችው፣ ሥራ ሳትጀምር፣ እንደ ሁልጊዜው። ሰሌዳውን ባጠፋች ቁጥር መጀመሪያ የምትጽፈው እሱን ነው።

ደገመችው። አባባ ፍሬንን ሆስፒታል ብታደርጋቸው እማማ ከቤታቸው እስከዚያ በምን ይመጣሉ? ወንድሟን ሙሽሪት ላይ አድርጋ አሮጊቷን ለሻምበል ብትሰጣትስ? ሻምበል እንደሆነ እሺ ነው የምትለው፤ ለማንም እሺ ብላ ማታ እያነከሰች ነው የምትገባው። ይሄ ግፍ ነው። አጠፋችው። ሦስተኛ ሞከረች፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሣጥን ላይ ጣላት። «ወይ የዛሬው ጣጣ» አለች ለብቻዋ።

በጋዜጣው እንቆቅልሽ እንዲህ ሲገጥማት የምታደርገው አላት። ፍንጮቹን አንድ በአንድ እየጠራች፣ ይሄን ማን አለው ብላ ትጠይቃለች፤ ብዙ ጊዜ አንደኛውን ጋዜጣው ሳይሆን እሷ ናት ያለችው። አሁንም ጠየቀች። የእማማ ጉልበት ደረጃ አይወጣም ያለው ማን ነው? ባለቤታቸው። የሻምበልስ ጉልበት አይችልም ያለው? ሐኪሟ። ሙሽሪት ኩርባውን እንደማትዞር? ቆማ አይታለች። ወንድሟ ዳገቱን እንደማይነዳ?

ይሄን ማን አለው?

ጠመኔዋን አስቀመጠችና ተቀመጠች። ነገሩ የቆየ ነው። እሷ ስምሪት ክፍል በገባች ሰሞን፣ በአንድ ዝናባማ ቀን፣ ወንድሟን ዳገቱ ላይ የመደበችው እሷ ነበረች። ኩርባው ላይ አውቶብሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። ሰው አልሞተም፤ እሱ ትከሻው ተሰበረ። ይህ ልጅ እናታቸው ስትሞት በእሷ እጅ የቀረ፣ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ድኖ ወደ ሥራ የተመለሰ ቀን ምንም ሳትለው ሰሌዳው ላይ ኤክስ አደረገች። ያቺ ኤክስ እስከ ዛሬ አለች። ሾፌሮቹ ሜዳው የሚል ስም አወጡለት፤ እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

እያሰበች እያለ እሱ የድንክዬን ቁልፍ ሊመልስ ገባ።

«ምነው እታለም፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለ ፊቷን አይቶ።

«ተቀመጥ።»

«የት ልቀመጥ፣ ያለው አንድ ወንበር፣ እሱም ያንቺ።» ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቂጡን አሳረፈ። ሰሌዳውን አየው። እሱም የእሷ ወንድም ነውና እንቆቅልሹን እሁድ እሁድ አብሯት ሲፈታ ነው ያደገው፤ ለማንበብ ጊዜ አልፈጀበትም። «የቀረሁት እኔ ነኝ» አለ። «ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል፣ ሙይው እንጂ።»

«ዳገቱ ነው እኮ።»

«አየሁት።»

«አንተ ደግሞ ዳገቱን...»

«እኔ ዳገቱን ምን?»

እትዬ ስምሪት ቀስ ብላ፣ «ትፈራዋለህ ብዬ ነው» አለች።

ሊስቅ ነበር፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እኔኮ አንቺ ነሽ የምትፈሪው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ትከሻዬ የዳነ ሳምንት ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር። ሰሌዳውን ሳይ ኤክስ አድርገሽበታል። ትንሽ ትረጋጋ አልኩ። ከዚያ በቃ፣ አመት አመትን ወለደ።»

«ሜዳው ይሉሃል እኮ።»

«ይበሉኝ። ሻይ ቤት ፎቅ ላይ ልቀመጥ ስል ‹ተው፣ ዳገት ነው› ይሉኛል። ማታ ማታ ይቆጨኛል፣ አልዋሽሽም። ግን አንቺ እንቅልፍሽን ከምታጪ እኔ ሜዳው ልባል።»

እዚህ ላይ እትዬ ስምሪት አለቀሰች። ሾፌር ሲጮህባት ያላለቀሰች፣ ኃላፊ ሲቆጣት ያላለቀሰች ሴት በነጭ ጠመኔ የተለወሰ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ያዘነችው ስለፈራች አይደለም። አንድ ቀን አፍ አውጥታ ሳትጠይቀው ስሙን ያበላሸችበት መሆኑ ነው የከነከናት። እሱ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ተነሣና ኤክሱን በመዳፉ አጠፋው። ራይቱን ግን አልጻፈም። ጠመኔውን ለእሷ ሰጣት። ጻፈችው።

«ነገ አብሬህ እሳፈራለሁ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አንቺ ከተሳፈርሽ እኔ ሞተር አላስነሳም። በየኩርባው ‹ቀስ በል› ልትይኝ ነው። ቁጭ ብለሽ ስምሪትሽን አውጪ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ወጡ። መጀመሪያ ሻምበል፣ ከዚያ አሮጊቷ ጭሷን እየተፋች፣ በመጨረሻ አባባ ፍሬን፣ ፍሬናቸውን ደጋግመው ረግጠው። እትዬ ስምሪት ያን ቀን ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። ስልኩም አልጠራም፤ ባልጠራ ቁጥር ተመስገን ትላለች፣ መልሳ ደግሞ ለምን አልጠራም ብላ ትጨነቃለች። ወደ ቀትር ድንክዬ ወደ ግቢው ገባች። አባባ ፍሬን ወርደው እጃቸውን ዘረጉ፤ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ እናት ያን እጅ ይዘው ወረዱና በቀጥታ ወደ ስምሪት ክፍሏ መስኮት መጡ።

«አንቺ ነሽ አሉ ያደረግሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ» አሏት።

«ምን አደረግኩ እማማ። ተመቸዎት?»

«አንድ ዙር ነበር የተባልኩት፣ አልወርድም ብዬ ሦስት ዞርኩ።» ወደ ባላቸው ዞር ብለው አዩ፤ እሳቸው ጎማ የሚያዩ መስለው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። «እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የማውቀው ደክሞት የሚገባውን ሰውዬ ነው። እግሩን አጥቤ፣ አብልቼ የማስተኛውን። ለካ ሌላ ሰው አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተንጫጫ፣ እሱ ቀና ብሎ፣ ረጋ ብሎ... ዛሬ አየሁት ልጄ። ሳላየው ልቀር ነበር እኮ።»

እትዬ ስምሪት እማማን ሸኝታ ስትመለስ ሰሌዳውን አየች፣ ስልኩን አየች። ወንድሟን አዝላዋለች፣ አጉርሳዋለች፣ ትከሻው ሲሰበር አስታማዋለች፤ አውቶብስ ሲነዳ ግን አይታው አታውቅም። ስልኩን ለዘበኛው ሰጠችና፣ «ከጠራ አንሳው፣ መጣች በል» ብላው ወጣች።

ዳገቱ ሥር ያለው ፌርማታ ላይ ሰው ተሰልፏል። እሷም ከአንዲት ጎመን ከተሸከመች ሴት ኋላ ቆመች። አሮጊቷ እያቃሰተች መጥታ ቆመች። በኋላ በር፣ ከሰው ጋር ተጋፍታ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች። በሩ ሊዘጋ ሲል ቀና ብትል፣ ከላይ ባለው መስታወት ውስጥ የወንድሟ ዓይን እሷ ላይ ነው።

ሞተሩን ያጠፋዋል ብላ ጠበቀች። አላጠፋውም። ትንሽ አያትና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ፤ ማርሹን አስገባ።

«ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ ዳገት ልንወጣ ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉም።

ሰዉ ተጠጋጋ። እሷም እሱ ሲነዳ ፊቱ የሚታይበት ቦታ እስክትደርስ ድረስ ተጠጋች።