ባቡር ላይ ሰላምታ የነፈጋት ሰው

ነገሩ የሆነው ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መመላለስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይህኛው የማይረሳኝ በገዛ እጄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፍኩት ጥፋት ስለሆነ ነው።

ቃሊቲ፣ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት እሠራ ነበር። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ አሮጌ መጻሕፍት ከሚያከራይ ሰው እየወሰድኩ በራሴ ነው የለመድኩት። የሥራ ባልደረባዬ ጌቱ «ገጣሚው» ይለኛል። ሲያሻው ለስድብ፣ ሲያሻው ለፍቅር።

ቤዛ እጮኛዬ ነበረች። ሳሪስ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። እናቷ ከሞቱ ዓመት አልፏል። አባቷ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዝምተኛና ኩሩ ሰው። ከፋሲካ በኋላ እሳቸው ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ከቤዛ ጋር ተስማምተን ነበር።

በዚያ ዓቢይ ጾም ግን ቤዛ ሐሙስ ሐሙስ መጥፋት ጀመረች። ሐሙስ ከሰዓት እረፍቷ ነው፤ ሁልጊዜም ከእኔ ጋር ነበር የምታሳልፈው። አሁን «ቱሉ ዲምቱ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ» ትለኛለች። እኔም አምኜ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ያችው አክስቷ ጎሚስታው ፊት ለፊት ከታክሲ ወርደው አዩኝና፣ «ደህና ነህ ልጄ? ቤዛስ? ምን አድርጌያት ነው ከገና ወዲህ የጠፋችብኝ?» አሉኝ።

የያዝኩት ካቻቢቴ ከእጄ ወደቀ። ጌቱ ሰምቷል።

«ገጣሚው፣ ጎማው ተነፈሰ መሰለኝ።»

«ዝም በል ጌቱ።»

«እኔማ ዝም እላለሁ። አንተ ግን ቀዳዳ ስትፈልግ ውኃ ውስጥ ነክረህ አረፋውን ታያለህ። የሰው ሲሆን ነው ማየት የሚያቅትህ?»

ያን ማታ ቤዛን «ሐሙስ እንዴት ነበር?» አልኳት። «ጥሩ ነበር። አክስቴ ሰላም ብላሃለች» አለችኝ። ዓይኗ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተከተልኳት። ሳሪስ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ሕንፃ ውስጥ ገብታ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እኔ ከደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ አየሁ። አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው በሩን ከፍቶ አስገባት። በሩ ተዘጋ።

ቀስ ብዬ ወጣሁና በሩን አነበብኩ። የሰውየው ስም አለ፤ ከሥሩ «የሥነ ልቦና ባለሙያ» ይላል። ግድግዳው ላይ ደግሞ በመስተዋት የተሸፈነ ወረቀት ተሰቅሏል። ባለሙያው የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አገር አቀፍ ማኅበር አባል መሆኑን፣ በሥራው ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ለማኅበሩ ማመልከት እንደሚችል ይገልጻል። አድራሻው አለ።

እኔ በጊዜው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ የሚሄደው ራሱን የሳተ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቤዛ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ናት። ታዲያ አንዲት ጤነኛ ልጅ ከአንድ ጎልማሳ ጋር በር ዘግታ ምን ትሠራለች?

ከሕንፃው ፊት ለፊት አንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ ጠበቅኳት። ልክ አንድ ሰዓት ቆይታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እርምጃዋ ግን ቀላል ነበር፤ ሸክም አውርዶ የተነሣ ሰው እንደሚራመደው። ያ እርምጃ ነው የገደለኝ። ስንት ግጥም አንብቤላታለሁ! አንዱም እንደዚያ አላስኬዳትም። «ጥሩ ነው ሄኒ» ትለኛለች፣ ከዚያ ስለ ሱቁ ታወራለች።

ወደ ባቡር ፌርማታው ሄደች፤ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ። ጥቂት ቆይቶ ሰውየውም ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። የሚገርመው ነገር የመጣው ይህን ጊዜ ነው። አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሙ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሰላም አልተባባሉም። አንገት እንኳ አልተነቃነቀም። ከአምስት ደቂቃ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ የነበሩ ሰዎች እንደማይተዋወቁ ሆነው ባቡሩን ጠበቁ።

በእኛ ሰፈር ፍርድ ቤት የተካሰሰ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሲገናኝ «ጤና ይስጥልኝ» ይባባላል። የሚተዋወቁ ሰዎች አለመተዋወቅ ሲያስመስሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደብቁት፤ ሌላ ትርጉም አልታየኝም።

የቀረችኝን ማመንታት እሑድ ጨረሳት። ከቤዛ ጋር ከቃሊቲ ባቡር ተሳፈርን። ሰውየው ከእኛ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ቤዛ ጎንበስ ብላ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመረች። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

«ያንን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አልኳት በጆሮዋ።

«የትኛውን?»

«ግራጫ ጃኬት የለበሰውን።»

«አላውቀውም።»

ያን ማታ ለማኅበሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሰውየውን ስም፣ የቤዛን ስም ከነአባቷ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጃኬቱን ቀለም ሳይቀር አሰፈርኩ። አባላችሁ እጮኛዬን አማግጦብኛልና ከማኅበራችሁ አስወጡልኝ፣ ከሥራውም አስነሡልኝ አልኩ። ምንም እንኳ ማመልከቻ ቢሆን መጨረሻው ላይ እጄ አላርፍ አለ፤ ሁለት መስመር ጨመርኩበት፦

በር ዘግቶ ያወራ መንገድ ላይ ካፈረ፣
ከወሬው ጀርባ ላይ ሌላ ጉድ ነበረ።

ጌቱ አንብቦት «ይሄማ ያስነቅለዋል!» አለ። ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን በእግሬ ሄጄ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። በሳምንቱ ተደወለልኝና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሊያነጋግረኝ እንደሚፈልግ ተነገረኝ።

ማኅበር ሲባል ትልቅ ሕንፃ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ጸሐፊዋ የምስክር ወረቀቶች በፖስታ ውስጥ ትከታለች። ሰሌዳው ላይ ለትምህርት ቤት አማካሪዎች የሚሰጥ ሥልጠና፣ ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች በነፃ የሚያገለግሉ ፈቃደኞች ስም ዝርዝር ተለጥፏል። በሁለተኛው ክፍል ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ፤ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ አንዲት ዶክተርና አንድ ወፍራም፣ ሳቂታ ጎልማሳ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ታች ተደፍቷል።

«ልጄ፣ የዚህ ባለሙያ ተገልጋይ ነህ?» አሉኝ ዶክተሯ።

«አይደለሁም።»

«ልጅቷ ምንህ ናት?»

«ላገባት ነው።»

«ታውቃለች?»

«ማግባቴንማ ታውቃለች።»

ጎልማሳው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዶክተሯ ግን አልሳቁም። «መክሰስህን ማለቴ ነው።»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ስማኝ። አንድ ባለሙያ ከተገልጋዩ ጋር አንተ ያልከውን ነገር ካደረገ እናሰናብተዋለን። ቀልድ የለም፤ ከዚህ በፊትም አሰናብተናል። ግን ያን የምትነግረን እሷ ናት። አንተ ያየኸው ምንድን ነው?»

በር መዘጋቱን ነገርኳቸው። ማልቀሷን ነገርኳቸው። ባቡሩ ላይ ሰላም አለመባባላቸውን ስነግራቸው ድምፄ ከፍ አለ። «እናንተ ሐበሻ አይደላችሁም እንዴ? የሚተዋወቅ ሰው ሰላም ሳይባባል የሚያልፈው ምን ሲኖር ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። ጎልማሳው አሁን በግልጽ ሳቀ፤ የሚያስጠላ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ወንድሜ፣ እኔን በዚህ ጉዳይ የሚስቴ ዘመዶች ሁሉ ትዕቢተኛ ይሉኛል» አለኝ። «ለቅሶ ቤት አንድ የማውቀው ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። የማውቀው ከየት እንደሆነ አልነግርህም። ዝም አልኩት። አማቴ እስከ ዛሬ ‹ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው› ትለኛለች።»

«ለምን ዝም አልከው?»

«ደንባችን ነው። አዲስ አባል ስናሠለጥን ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። መንገድ ላይ ቀድመህ ሰላም አትልም። ተገልጋዩ ከቀደመ ትመልሳለህ። ካልቀደመ አታውቀውም፣ አለቀ።»

«ይሄ ምን ዓይነት ደንብ ነው!»

ዶክተሯ መለሱልኝ። «ከጎኗ ማን እንደቆመ አይታወቅማ። ሰላም ቢላት ከጎኗ ያለው ሰው ‹ማነው? ከየት ታውቂዋለሽ?› ይላታል። መመለስ ላትፈልግ ትችላለች።»

እሑድ ከጎኗ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «ያንን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» ያልኳትም እኔ ነኝ። ደንቡ የወጣው እንደ እኔ ባለው ሰው ምክንያት ነበር።

«እሺ፣ ምንድን ነው የምትነግረው? የታመመችው ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«እዚያ ሄዳ ታውቅ እንደሆነም እኛ አናውቅም።»

«ጠይቁታ!»

«ቢነግረን ነው የምንቀጣው» አሉኝ።

ከዚያ ደብዳቤውን ገለበጡትና በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ገና በመዝገብ እንዳልገባ ነገሩኝ። ከገባ ባለሙያው መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ከዚያ በፊት ግን ስሟ የተጠቀሰው ልጅ ተጠርታ ፈቃዷን ትጠየቃለች። «የተበደለች እንደሆነ በራችን ክፍት ነው፣ ይህን ንገራት። ያልተበደለች እንደሆነ ግን ስሟ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?»

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስወጣ ጎልማሳው «ስንኟ ግን ቆንጆ ናት» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት ያስደስተኝ ነበር።

ቀድጄ ልጥለው እችል ነበር። ጌቱም «ቅደደው፣ ማን ያውቃል» አለኝ። እኔ ግን ሐሙስ ማታ ከባቡር ስትወርድ ጠብቄ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ጀግና ሆኜ አይደለም። ሁለት ሰዎች አንብበውታል፤ ከእነሱ አፍ ይሁን ከጌቱ፣ አንድ ቀን ትሰማዋለች ብዬ ፈርቼ ነው።

መብራት ሥር ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልቸኮለችም።

«ስሜን ከነአባቴ ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«ለማላውቃቸው ሰዎች።»

«ቤዚ፣ እኔ የመሰለኝ...»

«የመሰለህንማ አነበብኩት።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ይቅርታ ከመጠየቅህ በፊት ግን ምን እንደምነግረው ልትጠይቀኝ ነው፣ አይደል? አፍህ ላይ ይታያል።»

እውነቷን ነበር። ልጠይቃት ነበር።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» ብላኝ ሄደች።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ሦስት ሐሙስ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ባቡሩ ሲያልፍ እሰማለሁ፤ አሁን ገባች፣ አሁን ተቀመጠች፣ አሁን አፏን ከፈተች እያልኩ እቆጥራለሁ። አልተከተልኳትም። መከተል ስላላማረኝ አልነበረም፤ ጌቱ ሁለት ጊዜ ጃኬቴን ይዞ አስቀርቶኛል። ለሰውየው የምትሰጠው አንድ ሰዓት ነው፤ ለእኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቃል አልሰጠችኝም። በጠላትነት የምቀናበት ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በደለኛ አለመሆኑን ካወቅኩ በኋላ ቅናቱ መሄጃ አጣ።

በአራተኛው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ራሷ መጣች። የአንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ጎማ እየፈታሁ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩም፣ ጌቱም አሉ። ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ሽማግሌዎችህ እነማን ናቸው?»

«ሰላም ነው ቤዚ?»

«ሽማግሌዎችህ እነማን ናቸው ነው ያልኩህ። አባቴ ወሬኛ ሰው ቤቱ እንዲገባ አይወድም፤ ቀድሜ ላውቅ።»

ጌቱ «እኔ አለሁ!» አለ።

«አንተማ አትመጣም» አለችው። ሾፌሩ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «ሐሙስ የእኔ ነው። እስክጨርስ ድረስ። ምን እንዳወራሁ አትጠይቀኝም። ከቻልክ ላካቸው፤ ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ።»

እችላለሁ አልኳት። እንደምችል ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከተጋባን ቆይተናል። ቤዛ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ሄደች፤ አንድ ቀን ጨረስኩ አለችኝ። ምን እንደጨረሰች አላውቅም። እናቷ ይሁኑ፣ አባቷ ይሁኑ፣ እኔ ልሁን አልነገረችኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ትልቅ ሰው መስዬ «ምስጢር ምስጢር ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እቀናለሁ። ሚስቴን ተኝታ ሳያት እኔ የማላውቀውን የእሷን ክፍል አንድ ባለ ግራጫ ጃኬት ሰው ያውቀዋል እላለሁ፤ ያንገበግበኛል። ስለዚያ ነገር ብዙ ግጥም ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም።

ነገር ግን ያቺ ቀላል እርምጃዋ አልጠፋችም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። እንደዚያ እንድትራመድ ያደረግኳት እኔ ብሆን ምን ነበረበት! አይደለሁም። ማታ ስትመለስ ግን ወደ እኔ ነው የምትራመደው፤ እኔም እስካሁን አልጠየቅኳትም።