ትኩሳትም ስፌት አለው

የልብስ ንግድ ያስተማሩኝ አንዲት ሴት ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። እሳቸው ዳንግላ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ዘርግተው ሲሸጡ፣ እኔ ካልሲ በትከሻዬ አንጠልጥዬ የምዞር ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቀን «አንተ፣ ና ከጥላው ግባ፤ ካልሲው ሳይለቅ አንተ ልትለቅ ነው» ብለው ጠሩኝ። ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አልወጣሁም።

ትምህርታቸው አጭር ነበር። ጃኬት ያነሱና ፊቴ ላይ ዘርግተው «ኦርጅናል ነው ፎርጅድ?» ይሉኛል። እኔ አንገቱ ላይ የተለጠፈውን ማርካ አነብላቸዋለሁ። ይስቁብኛል።

«ማርካማ እኔም ቁጭ ብዬ እሰፋዋለሁ። ማርካውን ተወው፤ ገልብጠህ ስፌቱን እይ።»

ልብስ የሚዋሸው በፊቱ ነው። ብብቱ ሥር፣ የኪሱ ጥግ፣ እጅጌው ከትከሻው የሚጋጠምበት ቦታ ግን መዋሸት አይችልበትም። ከአንድ ፋብሪካ ወጡ የተባሉ ሁለት ጃኬቶች ሲገለበጡ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሆነው ይገኛሉ።

ስለ ጃኬት ላወራችሁ አይደለም የተነሳሁት። በዚያች አባባል አንድ ጊዜ በሽታ ለይቼባታለሁ፤ በሽተኛዋም እትዬ ራሳቸው ነበሩ።

ያን ጊዜ መንገዱ እንደ ልብ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ዕቃ ልናመጣ ነሐሴ ላይ ሁለታችን ድሬዳዋ እንወርዳለን። ጨርቁ በየት በኩል ድሬ እንደሚገባ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ከዳንግላ ዝናብና ጭቃ ወጥቶ ድሬ መግባት ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው። እትዬ ግን ጋቢያቸውን አያወልቁም። «ሙቀቱ የነሱ ነው፤ ጋቢው የኔ ነው» ይላሉ።

ዋጋ ስንከራከር የምንመካከረው በአገውኛ ነበር። የድሬ ነጋዴ ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ሐረሪውንም ይሰማል፤ አገውኛ ሲመጣ ግን አፉን ከፍቶ ይቀራል። በተለይ አንዲት ነገር ነበረችን። ባለሱቁ ዋጋ አልቀንስም ብሎ ሲደርቅ እትዬ በአገውኛ «ተወው፣ እንሂድ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በአገውኛ «እንቆይ፣ ይቀንሳል» እላለሁ። አንዳችን ወደ በሩ፣ አንዳችን ወደ ዕቃው ስንል ሰውየው ግራ ይገባውና ይወርዳል። አንዱ ግን «የምን አገር ቋንቋ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «የሀብታም» አሉት። ዋጋውን ጨመረብን።

ያረፍንበት ግቢ ውስጥ ውሃ የሚጠራቀምባቸው በርሜሎች ቆመዋል፤ ክዳን የላቸውም። እኛ የደጋ ሰዎች ስለ ቢምቢ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቆላ ከወረድክ ማታ አጎበር ውስጥ ተኛ። በየክፍላችን እንደ ሙሽራ ተጋርደን ተኛን። ቀን ቀን ግን በርሜሎቹ አጠገብ ቁጭ ብለን ቦንዳ እየፈታን ጨርቅ ስንመርጥና መልሰን ስናስር፣ ቁርጭምጭሚታችንን የምትነክሰን ቢምቢ ነበረች። ጥቁር ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ዝንጉርጉር አለባት።

«ይቺ ደግሞ ካልሲ አድርጋለች» አሉኝ እትዬ። «ያንተ ደንበኛ ናት።»

ትኩሳቱ የጀመረን በመልሱ መንገድ፣ አውቶቡስ ላይ ነው። ዳንግላ መናኸሪያ ስንደርስ ሁለታችንም በትኩሳት እንቃጠላለን። እኛንም ቦንዳውንም አንድ ጋሪ ላይ ጫኑን። ባለጋሪው ምን እንደሆንን ጠየቀ፤ ቆላ ወርደን መምጣታችንን ነገርነው። «በቃ ወባ ነው» አለ። ዳንግላ ውስጥ ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ፈረስ ያለው መሆን ይበቃል።

ጋሪው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር የጎኑን እንጨት ልይዝ እሞክራለሁ፤ ጣቶቼ አይታጠፉልኝም። የሁለቱም እጄ አንጓና የሁለቱም እግሬ ቁርጭምጭሚት ሚስማር የተመታበት ያህል ነው። እትዬ እንጨቱን አጥብቀው ይዘዋል፤ ነጠላቸውን ግን ዓይናቸው ላይ ጠምጥመዋል።

«ዓይኔን ከኋላ የሚገፋው አለ» አሉኝ።

«ማን ነው የሚገፋዎት?»

«ምን አውቄ! ከኋላ ነው ያልኩህ።»

መንገድ ላይ አንድ ክሊኒክ ገባን። የወባ ምርመራው ምንም አላሳየም። በኛ አገር ትኩሳት ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፣ ታይፎይድ ካልሆነ ታይፈስ ነው፤ ከነዚህ ውጭ መታወቂያ የለውም። «ከአንድ ቦታ ነው የመጣችሁት፤ ሕመሙም አንድ ነው» ተባልንና አንድ ዓይነት እንክብል ተካፈልን። እኛም አመንን። ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ቦንዳ ለመጣ ዕቃ ሁሉ አንድ ዋጋ ይለጥፋል።

የምኖረው እትዬ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ሕመሙ ሲብስብኝ መርፌ ወጊ አስጠራሁ። የሕመም ማስታገሻ ወግቶኝ ሄደ፤ በማግስቱ ቆሜ ግቢው ውስጥ ተንቀሳቀስኩ። እትዬ በመስኮት አይተውኛል።

«እኔንም ይውጋኝ» አሉ። «በዓሉ ደርሷል። ቦንዳው ሳይፈታ ሰው ያደፈ ልብሱን ለብሶ ሊያከብር ነው እንዴ?»

መርፌ ወጊው ተመልሶ መጣ። እትዬ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በመፋቂያ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። መፋቂያውን ከአፋቸው ሲያወጡ ጫፉ ቀልቷል። እጅጌያቸውን ሰበሰቡለት፤ ክንዳቸው ላይ በመርፌ የተጠቀጠቀ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ፈሷል። የእኔ ክንድ እንደዚያ አልነበረም። «ይጨብጡ» ቢላቸው እጃቸውን እንደ ድንጋይ ጨበጡት። ያን ጭብጥ እያየሁ የራሴን ጣቶች አየሁ።

«ቆይ፣ አትውጋ» አልኩት።

«ምን ሆንክ አንተ?» አሉ እትዬ።

«እጅዎን ጨበጡ አይደል? የኔን ይዩት።» ልጨብጥ ሞከርኩ። እንደ ዝንጅብል ያበጡት ጣቶቼ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ልንደባደብ ነው?»

«እትዬ፣ ስፌቱ ይለያያል።»

የጨበጡትን እጅ ፈቱት። በሌላ ቃል ብነግራቸው ኖሮ ይሰድቡኝ ነበር።

«ማርካው አንድ ነው» አልኳቸው። «ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። የኔ ግን የተሰፋው መገጣጠሚያዬ ላይ ነው። የእርስዎ ከዓይንዎ ጀርባ፣ አጥንትዎ ውስጥ ነው፤ አሁን ደግሞ ድድዎ ይደማል። የኔን መድኃኒት ለእርስዎ ማን ለካው?»

«ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ይጠብቀኛል» አለ መርፌ ወጊው። «ልውጋ ወይስ አልውጋ?»

«ለሱ ድገመው» አሉት እትዬ፤ እጅጌያቸውን እያወረዱ። «እሱ መርፌ ይወዳል።»

እንጅባራ ወደሚገኘው ሆስፒታል በሚኒባስ ሄድን። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ከድሬዳዋ መምጣታችንን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ሁለታችንንም እንደ አዲስ ትመረምረን ጀመር። የእትዬን ክንድ በመብራት አየች፤ የእኔን ጣቶች አንድ በአንድ ተጫነች፤ አንድ በአንድ ጮህኩላት።

«የእርስዎ ደንጊ የሚባለው ይመስለኛል፤ አጥንት ሰባሪም ይሉታል» አለቻቸው። «የእሱ ቺኩንጉንያ ይመስላል።»

«ስሙ ራሱ ይቆረጥማል» አሉ እትዬ።

ሁለቱንም የምታስተላልፈው አንድ ዓይነት ቢምቢ እንደሆነች ነገረችን፤ ቀን ቀን የምትነክስ፣ ክዳን በሌለው የተጠራቀመ ውሃ የምትራባ። «ካልሲ ያደረገችው» አልኩኝ፤ አልገባትም። የኔ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ግን መገጣጠሚያ ላይ ለወራት ይከርማል። የእትዬው ፈጥኖ ይሄዳል፤ ግን ደም ሊያፈስ ይችላል። ዚካ የሚባል ሦስተኛም አለ፤ ትኩሳቱ ቀለል ያለ ነው፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ዓይን ያቀላል፤ የሚፈራው ለነፍሰ ጡር ነው።

«እርስዎ ነፍሰ ጡር አይደሉም መቼም» አለች ፈገግ ብላ።

«ቦንዳ ነው ያረገዝኩት» አሉ እትዬ። «እሱንም ሳልገላገል እዚህ አመጣኝ።»

ሐኪሟ ምልክት ይጠቁማል እንጂ አይምልም አለች፤ እርግጡ የሚታወቀው ደማችን ሩቅ ተልኮ ነው። እስከዚያው ለሁለታችንም ከፓራሲታሞል በቀር ማስታገሻ ከለከለች። ያ መርፌ ደም የሚፈሰውን ሰው ያባብስበታል። እኔ መወጋቴን ስነግራት «እንኳንም እርስዎን አልወጋዎት» ብላ ወደ እትዬ ተመለከተች። ከዚያ የማልረሳውን ነገረችን፤ «ትኩሳቱ ሲወርድ ዳንኩ እንዳይሉ። የሚያስፈራው ያኔ ነው።»

እትዬን እዚያው አስተኟቸው፤ ትኩሳቱ ወረደ። እትዬ ጫማቸውን አምጣልኝ አሉኝ።

«ዳንኩ። ገበያው ሳያልፍ አድርሰኝ።»

«እትዬ፣ ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው?»

«እሷ መቼ ቦንዳ ገዝታ ታውቃለች?»

ጫማውን ደበቅኩት። ስንጨቃጨቅ ሆዳቸውን ያዙ፤ አስመለሳቸው፤ አፍንጫቸው ደማ። ሐኪሞቹ ተሯሯጡ፤ ግሉኮስ ተሰቀለ፤ ደማቸውን እየመላለሱ ይቀዳሉ። አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። እጃቸውን መያዝ ብፈልግም ጣቶቼ አይዙም፤ መዳፌን መዳፋቸው ላይ ጋደም አደረግኩት።

ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ተወው፣ እንሂድ» ነበር ያሉት።

ከማን ጋር እንደሚከራከሩ አላውቅም። ከማንም ይሁን፣ ድሬ ሁልጊዜ እንደምላቸው በአገውኛ መለስኩ። «እንቆይ፣ ይቀንሳል።»

ቆይተው እንደገና «እንሂድ» አሉ። እኔም እንደገና «እንቆይ» አልኩ። እንዲህ ስንባባል ነጋ። ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት አለ?» ብለው ነው።

«ወርዷል» አልኳቸው።

እንቁጣጣሽ ሆስፒታል ውስጥ አለፈ፤ ቦንዳው የተፈታው ለመስቀል ነው። የደሙ ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ እንደገመተችው ሆነ። እትዬ ደህና ሆነው ገበያቸው ገቡ። እኔ ግን በየጠዋቱ፣ በተለይ ብርድ ሲሆን፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኝ ነበር። እትዬ በር ላይ ያቆሙኝና ከታች ወደ ላይ ይቆልፉልኛል።

«ሸሚዝ ሻጭ ቁልፍ አይቆልፍ! ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«ይስቃል።»

«እኔ የደረሰኝ ፎርጅዱ ነው፤ በአንድ እጥበት ለቀቀ። ያንተው ኦርጅናል ነው፤ ልበሰው እንግዲህ።» ይህን ብለው የአንገቱን ቁልፍ ይቆልፉና ደረቴን መታ ያደርጉኛል። ለወራት እንደዚያ ከረምን። አገጬን ቀና አድርጌ የምቆመው ነገር ትንሽ ያሳፍረኝ ነበር።

አሁን እንጅባራ ሱቅ ከፍቻለሁ። እትዬ ባሕር ዳር፣ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ኔትወርክ ሲኖር ይደውሉና ከሰላምታ በፊት «እጅህስ?» ይሉኛል። እሳቸውን «ዓይንዎስ?» እላለሁ። ቀጥለው ድሬን ያነሳሉ፤ መንገዱ መቼ ነው የሚመቸው ይሉኛል፤ እንደገና ቢወርዱ ጋቢያቸውን እንደማያወልቁ ይነግሩኛል። ልጃቸው ከጎን «እማዬ ምን ብለው ነው የሚወርዱት?» ስትል ይሰማኛል። ያኔ እትዬ ልጃቸው ወደማትሰማው አገውኛ ይዞራሉ።

ጣቶቼ ድነዋል። ቁልፌን ራሴ እቆልፋለሁ። ብቻ የአንገቱን እተወዋለሁ። ባለቤቴ በር ላይ «ዛሬም ረሳኸው» ትለኛለች፤ ስትቆልፍልኝ አገጬን ቀና አደርጋለሁ።