የነጋዴው ሽምብራ

ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ ለጃንሆይ ልደት በዓል አንድ ትያትር ጻፍሁ። መድረኩ ጣሊያን ሠርቶ የተወው ሲኒማ ቤት ነበር። የትያትሩ ክፉ ሰው የማክሰኝት እህል ነጋዴ ነው፤ በችጋር ዘመን ጎተራውን ቆልፎ፣ ለሚለምነው ሁሉ «እህል ሆድ ይሞላል፤ ረሃብ ግን ልብ ይከፍታል» ይላል።

ቃሉን አልፈጠርሁትም። ቁስቋም ቅኔ ስቆጥር፣ ቁራሽ ሳናገኝ በተመለስን ማታ ሁሉ የኔታ የሚሉን ነው። «መምህርህን ሌባ ነጋዴ አደረግሃቸው» ያሉኝ አልጠፉም። እኔ ግን ነጋዴዬ ከየኔታ የተሻለ የቃል ሰው ነው ባይ ነበርሁ። የኔታ በአፋቸው ረሃብን እያመሰገኑ በእጃቸው ሽምብራ ይቆሉልን ነበር። የነጋዴዬ አፍና እጅ አንድ ናቸው።

ነጋዴውን የተጫወተው የሒሳብ አስተማሪው ነው። ቃሉን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ባሕታዊ ሽቅብ እያየ ሲናገረው አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ኮራሁ።

በሳምንቱ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«ምነው፣ ልጆቼን ጦም ታሳድርብኝ?»

«ምን አጠፋሁ፣ የኔታ?»

«"በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው ደጅ ሲቆሙ፣ ሴቱ "ረሃብ ልብ ይከፍታል አይደል? በል ሂድና ይከፈትልህ!" እያለ በሩን ይዘጋባቸዋል። በባዶ አኩፋዳ ይመለሳሉ።»

«ቃሉኮ የእርስዎ ነው።»

«ቃሉስ የእኔ ነው። በሩ የማን ነው?»

መረታት አልወድም። «እርስዎስ ቃሉን መቼ ጠበቁት? ረሃብ ልብ የሚከፍት ከሆነ ሽምብራው ለምን ነበር?» አልኋቸው።

የኔታ ከት ብለው ሳቁ። «አይ ሞኝ! ሽምብራው እስኪቆላ ምን ልበላችሁ ኖሯል? ታለቅሱ ነበር እኮ።»

ስንት ዘመን ፍልስፍና ብዬ የያዝሁት ለካ እሹሩሩ ኖሯል።

«ቃሉን አውጣው» አሉኝ።

«አላወጣም» አልሁ። ቅዳሜ ለገበያተኛው ትያትሩ ሊደገም ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቃል ደግሞ የለኝም።

ቅዳሜ ለሒሳብ አስተማሪው አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ሰጠሁት። «እየቆረጠምህ ተናገረው።»

«ግርማዬን ልትገፍፈኝ ነው!»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ነጋዴው ጉንጩን ወጥሮ ወጣ። «እህል ሆድ ይሞላል» አለና ቀጭ፣ ቀጭ አደረገ፤ «ረሃብ ግን» ሲል አንዲት ፍሬ ከአፉ አምልጣ ፊት የተቀመጡት ሹም ጭን ላይ አረፈች። ሹሙ አነሧት፣ አዩዋት፣ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ደጃፏ ላይ የምትሞክር ሴት ጎረቤት አላስቀምጣት አለ። «ምነው እቴ፣ ጉንጭሽ ውስጥ ምን ይዘሻል?» ይሏታል። እሷም አፍራ እንጀራዋን ትቆርሳለች። አኩፋዳው እንደገና ይሞላ ጀመር።

የኔታ ትያትር አይገቡም፤ ወሬው ግን ደርሷቸዋል። አንድ ቀን ቁስቋም ደጀ ሰላም አገኙኝና ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ሽምብራ ነው፤ ገና ትኩስ።

«ይህን ለነጋዴህ ስጥልኝ። ባዶ አፉን መናገር አይችልም አሉ።»

ለነጋዴው አልደረሰውም። ቁልቁለቱን ሳልጨርስ እኔው ቆረጠምሁት፤ የሱም ልብ ይከፈት እንጂ።